በሐሙሱ ባቡር የሚመጣው የጆሮ ሐኪም

ባለፈው ወር የባለቤቴን የግዛውን የሰባት ዓመት ተዝካር ስናወጣ፣ ልጄ ኤፍሬም ተነሥቶ እንግዳውን አመሰገነ። ድንኳኑ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ሞልቶ ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም መጥቷል፤ ጡረታ የወጣው የባቡር ሰው ሁሉ አንዱ በከዘራ፣ ሌላው በልጅ ልጁ ተደግፎ መጥቷል። ኤፍሬም ቆሞ መናገር ጀመረ፤ ከፊተኛው ወንበር ወዲህ የሰማው ሰው ግን አልነበረም። «አቦ፣ ጮክ በል!» አለ አንዱ ከመሃል። «ማይክ የለም እንዴ?» አለ ሌላው። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ይሄን ሁሉ ተምሮ ድምፁን የት ጣለው?» አለችኝ፤ እናቱ መሆኔን አላወቀችም። ሳቄ መጣ። በባል ተዝካር ላይ መሳቅ ምን ይባላል? ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ ደበቅኩት። ሴትዮዋ ያለቀስኩ መስሏት ትከሻዬን እየዳበሰች «አይዞሽ እናቴ» አለችኝ። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠኋትም፤ መልሱ ረጅም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ ሲያስቸግረኝ ለእሷ እንደምነግራት አድርጌ ከራሴ ጋር ስጫወተው ሰንብቻለሁ።

ድሬዳዋን ዛሬ ያየ ሰው ያኔ ምን ትመስል እንደነበር አይገባውም። እኔ ራሴ ከአዋሽ በባቡር ተሳፍሬ፣ በሙሽራ ቀሚሴ ላይ የከሰል ብናኝ እየቆጠርኩ የመጣሁባትን ከተማና ይህችን ባጃጅ የሞላባትን ከተማ ማገናኘት አንዳንዴ ያቅተኛል። ያኔ ሰዓት የሚነግረን የባቡሩ ጥገና ቤት ጡሩምባ ነበር። ጠዋት ሲነፋ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ወንድ ሁሉ ወደ ጣቢያው ይጎርፋል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሲነፋ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሱቁም ቢሮውም ተዘግቶ፣ ውሻው ሳይቀር ጥላ ፈልጎ ይተኛል። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የታየ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ እንግዳ። ከዚራ የሚሉት ሰፈር የዛፍ አገር ነበር፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የባቡሩ ሹም እዚያ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ በረዶ የገባበት ነገር ይጠጣል። እኛ መጋላ ሰፈር ነበርን። በመሃላችን ደቻቱ፣ ከርሞ ከርሞ አሸዋ ሆኖ ቆይቶ ክረምት ላይ በድንገት የሚያብደው ወንዝ። ጋሪ በስሙኒ ከቀፊራ ገበያ ከዚራ ድረስ ያደርሳል፣ የፈረሱ ቃጭል ደግሞ በነፃ። ከጅቡቲ የመጣ ናይለን ሻሽ ያልነበራት ሴት ሴት አትባልም፤ እኔ ሎሚ የመሰለ ቢጫ ነበረኝ፣ አሁንም አለኝ፣ የልጅ ልጄ ላፕቶፕ ትጠርግበታለች። ሙቀቱ ሲከፋ አልጋ ግቢ አውጥቶ መተኛት ደንብ ነበር። ከአንዱ ግቢ የአማርኛ ዘፈን፣ ከሌላው የሱማሌ፣ ከወዲያኛው የዓረብ ሬዲዮ ይመጣና ከአናታችን በላይ ይደባለቃል። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ግን የኛ ቤት ጨዋታ ነበር።

ግዛው ፉርጎ ጠጋኝ ነበር። የተቀደደ የባቡር ሠረገላ ላይ ብረት ደርቦ በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ይውላል። እንዲህ ሲውል የኖረ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ መዶሻው ጆሮው ውስጥ አብሮት ይገባል። ስለዚህ ይጮኻል። «ራት ደርሷል?» ሲለኝ ሰፈሩ ጠብ የተነሣ ይመስለዋል። እኔም እንዲሰማኝ እጮኽለታለሁ። አማቴ እማማ ብዙነሽም ከሸዋ ለአንድ ወር ብለው ወርደው እዚያው የቀሩ፣ ጸሎታቸውን ሳይቀር ጮክ ብለው የሚያደርሱ ሴት ነበሩ። እኛ ቤት ጨው ማቀበል እንኳ በዋይታ ነው። እንግዳ የሆነ ሰው ገብቶ ሲደነግጥ እናያለን፤ ለኛ ግን የቤት ወግ ነበር፣ አይታወቀንም።

ኤፍሬም የመጀመሪያ ልጃችን ነው። አፉን ገርበብ አድርጎ የሚውል፣ ሲተኛ እንደ ሽማግሌ የሚያንኮራፋ፣ ዓይኑ ትልልቅ የሆነ፣ የሚናገራት ጥቂት ቃል አፉ ውስጥ የምትድቦለቦል ልጅ ነበር። ጸጥተኛ ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ጸጥተኛ ልጅ ማግኘት ፀጋ አይደለም? እኔም ፀጋ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። አባቱ ሲጠራው ይመጣል፤ ግዛው ሲጠራ ማን አይመጣም! የስድስት ሰዓቱ ጡሩምባ ሲነፋ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ በር ላይ ይገኛል፣ አባቱ መምጣቱ ነውና። ታዲያ ይህን ልጅ አይሰማም ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው?

መስከረም ሊጠባ ሲል ትምህርት ቤት ልናስመዘግበው ወሰድነው። ያኔ ዕድሜ በወረቀት አይጠየቅም፣ በእጅ ነው የሚለካው። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል። አስተማሪው በራሱ እጅ እያሳየ አዘዘው። ኤፍሬም መንካት ብቻ ሳይሆን ጆሮውን ጎተተው፤ ግዛው በኩራት ሳቀ። ከዚያ አስተማሪው ወደ መዝገቡ አቀርቅሮ «ስምህ ማነው?» አለው። ዝም። «የአባትህስ?» ዝም። ልጄ የአስተማሪውን መላጣ ትኩር ብሎ እያየ ቆሟል። አስተማሪው ቀና ብሎ እኔን አየኝና፣ «እጁ ደርሷል እመቤቴ፣ እሱ ገና ነው። ለከርሞ አምጡት» አለኝ። የሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሰበሰቡ። ያ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ግዛው መንገዱን ሁሉ እኛን ቀድሞ ሄደ። ቤት ስንደርስ ግን፣ «እልኸኛ ነው! ሰው እያናገረው ዓይን ዓይኑን እያየ ዝም ይላል! ለከርሞም አይማርም፤ ከፍ ሲል እኔ ጋ መዶሻ ይይዛል፣ በቃ!» አለ። በለመደው ድምፁ ስለተናገረ የልጄን ዕጣ መንገደኛው ሁሉ ሰማ። እማማ ብዙነሽ ደግሞ የራሳቸው ምርመራ ነበራቸው። ኤፍሬምን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ በማንኪያ እጀታ ምላሱን ተጭነው ወደ ጉሮሮው አዩና፣ «እንጥሉ ወርዷል» አሉ። «ማንኮራፋቱም፣ መንተባተቡም፣ ልበ ቢስነቱም ከእሱ ነው። ይቆረጥ።» ያኔ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ጉሮሮውን ላመመው ልጅ ሁሉ እንጥል ይቆረጣል፣ የእኔም በሕፃንነቴ ተቆርጧል። ጫፏ የታጠፈ ቢላዋ ይዞ ከቤት ቤት የሚዞረው ሰውዬ ለቅዳሜ ተቀጠረ። እኔ ግን ከኛ መንገድ ማዶ የምትኖር፣ ልጇ ከተቆረጠ በኋላ ደሙ አልቆም ብሎ ያመለጣት አንዲት ሴት አውቅ ነበር። ፈራሁ። አማቴን «አይሆንም» ለማለት ደግሞ የሚያስችል አፍ አልነበረኝም።

ዘሀራ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፣ አንድ ግንብ የምንጋራ፣ የጀልዴሳ መንደር ልጅ። በኦሮምኛ ታስባለች፣ ከባሏ ዘመዶች ጋር በሱማሊኛ ትሳሳቃለች፣ ገበያ በዓረብኛ ትከራከራለች፣ እኔን በአማርኛ ታማኛለች። አማርኛዋ እንደ ድሬ ሰው ሁሉ አንቱታ የለውም። መጀመሪያ ቀን እማማ ብዙነሽን «አንቺ ብዙነሽ፣ እንዴት አደርሽ?» ስትላቸው አማቴ ግድግዳ ተደግፈው ነው የቆሙት። ኋላ ለመዱ፤ እንዲያውም አንድ ቀን ሳትላቸው ስትቀር ተቀይማኛለች ብለው ጠየቁኝ። ኤፍሬም ከተወለደ ጀምሮ ቀኑን የሚውለው እሷ ግቢ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከዘሀራ ጋር ጥላው ሥር ቁጭ ብለን ሁመር እንጠጣለን፤ ያ ከሮቃ ፍሬ የሚጨመቅ ቀዝቃዛ ነገር፣ ያለ እሱ የድሬ ከሰዓት አይገፋም። የአስተማሪውን ነገር፣ የቢላዋውን ነገር ሁሉ አጫወትኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «አቦ፣ አንድ ነገር ልበልሽ፣ ቅር እንዳይልሽ» አለችኝ። «ይሄን ልጅ ለምን አማርኛ ብቻ አስለመዳችሁት? እኔ ቤት ይሄን ሁሉ ዘመን ውሎ አንድ ኦሮምኛ አልያዘም እኮ፤ ሱማሊኛም የለም። ስጠራው አይመጣም። የናንተን ብቻ ነው የሚያውቅ ብዬ ተውኩት።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት። «እኔም ካልጮኽኩበት ስጠራው አይመጣም እኮ። ያንቺን ቋንቋ ለምዶ አማርኛው የጠፋበት መስሎኝ ነው የኖርኩት!»

ተያየን። ይህ ስህተት ሌላ አገር የሚሠራ አይመስለኝም። ድሬ ውስጥ ልጅ አፉን ለመፍታት ቢዘገይ ማንም አይደነግጥም። ቋንቋው በዝቶበት ነው፣ እየመረጠ ነው፣ ሲጀምር በአራቱም ይለቀዋል ይባላል፤ እውነትም ብዙዎቹ ይለቁታል። እኔ የእሷ ነው ስል፣ እሷ የኔ ነው ስትል፣ ልጁ ከሁለታችንም ሳይሆን ስድስት ዓመት አለፈው።

ኤፍሬም ጀርባውን ሰጥቶን፣ ከሰርዲን ቆርቆሮ የሠራትን ባቡር አሸዋ ላይ ይነዳል። «ኤፍሬም፣ ና!» አልኩት፣ በቤታችን ጩኸት ሳይሆን በሰው ድምፅ። ባቡሩን ነዳ። «ኤፍሬም፣ ኮቱ!» አለች ዘሀራ በኦሮምኛ። ነዳ። «ዋሪያ፣ ካላይ!» አለች በሱማሊኛ። ፉርጎ ቀጠለበት። በዓረብኛም ጠራችው። በመጨረሻ ተነሥታ ወደ እሱ ሄደች፤ የድሪያ ቀሚሷ ጥላ አሸዋው ላይ ሲወድቅ ዞር ብሎ አያትና ሳቀላት። ዘሀራ እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። «ያ ረቢ» አለች፣ «ይሄ ልጅ ያጣው ቋንቋ አይደለም።»

የጆሮውን ሐኪም የነገረችኝ እሷ ናት። የእህቷ ልጅ ጆሮው መግል ሲያወጣ ያዳነው አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በወር አንዴ በባቡር ይመጣል፣ ሐሙስ ከዚራ በተከራየው ቤት በሽተኛ አይቶ ይመለሳል። ስሙን መጥራት ስለሚያስቸግር ሰው ሁሉ «ዶክተር ጆሮ» ነው የሚለው። የሚመጣበት ሐሙስ ከቢላዋው ቅዳሜ በፊት መዋሉን ስሰማ እግዚአብሔር ራሱ ቀጠሮውን የያዘልኝ መሰለኝ። ለግዛው ነገርኩት። ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ «ለእልኸኛ ሐኪም ምን ይሠራል!» አለ፣ ቆይቶ ግን «ሂዱ» አለ። እማማ ብዙነሽ «ፈረንጅ ስለ እንጥል ምን ያውቃል?» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ሐሙስ ጠዋት ኤፍሬምን አጠብኩት፤ ለትምህርት ቤት የተሰፋችውን የካኪ ቁምጣና ነጭ ሸራ ጫማውን አለበስኩት። እኔ ቢጫ ሻሼን አሠርኩ። ዘሀራ ለጋሪ ስሙኒውን እኔ ካልከፈልኩ አልሄድም ብላ ከባለጋሪው ጋር በሦስት ቋንቋ ተጨቃጨቀች። ደቻቱን በአሸዋው ላይ ተሻግረን ከዚራ ስንገባ ያ የዛፉ ጥላ እንደ ውሃ ነው ያረፈብን። ቤቱ ሰፊ በረንዳ ነበረው፤ ጆሮው ላይ ጥጥ የወተፈ፣ ጉንጩን በሻሽ የጠመጠመ፣ ከሁርሶ ጦር ሰፈር የመጣ ወታደር ሳይቀር በረንዳው ላይ ተደርድሯል። የአልኮል ሽታ ይመጣል። ዛሬ መርፌ ስወጋ ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ በመርፌው ፈንታ ያ በረንዳ ነው ትዝ የሚለኝ።

ሐኪሙ ነጭ ፀጉር ያለው፣ ግንባሩ ላይ ክብ መስታወት ያሠረ ሰው ነበር። ከየት አገር እንደመጣ ዛሬም አላውቅም። አማርኛው ወንዱንም ሴቱንም አንድ ላይ ያደርጋል፣ ግን ይገባል። ኤፍሬምን ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ አፍንጫውን አየ፣ ጆሮውን አየ፣ በትንሽ መስታወት ከጉሮሮው በላይ አየ። ከዚያ ከኋላው ሄደና በሹክሹክታ «ካራሜላ ትፈልጋለህ?» አለ። ኤፍሬም ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረውን ቬንቲላተር እያየ ተቀምጧል። ሐኪሙ ዞሮ ፊት ለፊቱ ቆመ፤ ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ ብቻ ያንኑ አለው። ልጄ እጁን ዘረጋ።

«ይሄ ልጅ በዓይን ይሰማል» አለኝ ሐኪሙ። «ብልጥ ናት። ሁላችሁን አታለለች።»

እዚያው አለቀስኩ። ሐኪሙ በእጁ እያሳየ አስረዳኝ፤ ከአፍንጫው በስተኋላ ሥጋ በዝቷል፣ ወደ ጆሮ የምትሄደውን የአየር ቀዳዳ ዘግቷታል፣ ከጆሮው ታምቡር ጀርባም ውሃ አቁሯል። ማንኮራፋቱም፣ አፉን ከፍቶ መዋሉም ከዚያው ነው። «እንጥሉስ?» አልኩት፣ የቅዳሜው ሰውዬ ከነቢላዋው ፊቴ ላይ ድቅን ብሎብኝ። «እንጥል ቆንጆ ነው» አለ፣ «ተዉት።»

በዚህ መሃል የስድስት ሰዓቱ ጡሩምባ ተነፋ። ኤፍሬም ከወንበሩ ዘሎ ወደ መስኮቱ ሮጠ። «ይኸው፣ ጡሩምባውን ይሰማል» አልኩ ለሐኪሙ፣ ተስፋ ላድርግ ብዬ። «እሱን ድንጋይም ይሰማል» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሲነሣ አየሁ፤ ግዛው ቱታውን ሳይቀይር መጥቶ ነበር። «ልጁ የታለ? ምን አለ ሐኪሙ?» ብሎ ሲገባ የጠረጴዛው ላይ ጠርሙሶች የተንቀጠቀጡ መሰለኝ። ሐኪሙ አንዴ ፊቱን፣ አንዴ እጆቹን አየና ወንበር ስቦለት ኤፍሬምን ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። «ያዝ» አለው።

ፀጉር አስተካካዮች ሽቶ የሚረጩባት የጎማ ፊኛ አለች አይደል? እሷን የመሰለች፣ ተለቅ ያለች ነበረች። ሐኪሙ ለኤፍሬም ጉንጭ ሙሉ ውሃ ሰጠውና እንዳይውጥ በምልክት ነገረው። የፊኛዋን አፍ አንዱ አፍንጫው ውስጥ አገባ፣ ሌላውን በጣቱ ደፈነ፣ «ዋጥ» ሲለው ፊኛዋን ጨመቃት። ኤፍሬም ተንፈራገጠ፣ ግዛው አጥብቆ ያዘው። ደግሞ ውሃ፣ ደግሞ ፊኛ። ልጁ ጮኾ ማልቀስ ጀመረና አፉን እንደከፈተ ቀረ። የራሱ ድምፅ ሳይሆን አይቀርም ያስደነገጠው። ዓይኑ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና ብሎ ቬንቲላተሩን አየ። በጣቱ እያሳየ፣ በዚያ በሚድቦለቦል አፉ፣ «እሱ... ይናገራል?» አለ።

«ሰማ እንዴ?» አለ ግዛው፣ ከጡሩምባው በማይተናነስ ድምፅ። ኤፍሬም ሁለቱን ጆሮዎቹን በእጁ ከድኖ አባቱ ደረት ውስጥ ተሸጎጠ። «አባዬ አትጩህ» አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችንም ሳቅን፤ ዘሀራ እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ከግዛው ወንበር በስተኋላ ዞረና ያንኑ የበፊቱን ሹክሹክታ አሰማ፤ «ካራሜላ?» ኤፍሬም ከአባቱ ደረት ቀና ብሎ ወደ ሐኪሙ ዞረ። ግዛው አልዞረም። ልጁን እያየ፣ ፈገግ እንዳለ ተቀምጧል። ሐኪሙ እኔን አየኝ። «ትንሿ ትድናለች» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይሄኛው...» አለና በቡጢው ጠረጴዛውን እንደ መዶሻ መታ መታ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ካራሜላውን ለኤፍሬም ሰጠው። ኤፍሬም በጥርሱ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን አባቱ አፍ ውስጥ ከተተለት። ደስ ብሎት ነው ብዬ አለፍኩት።

ስንመለስ ጋሪ አልፈለግንም። ኤፍሬም የገዛ ጫማው አሸዋ ላይ ሲንኮሻኮሽ እየሰማ ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይቆማል። ዋኔ ርግብ ስትጮህ ዛፉን ሁሉ ፈልጎ አያት። ዘሀራ እጁን ይዛ ቀድማ ሄደች። እኔ ደቻቱ መሃል ላይ ግዛውን ክንዱን ይዤ አቆምኩትና ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ «ሐኪሙ ስላንተም ነግሮኛል» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ከጆሮዬ መሄዱን። ከጀመረ ቆይቷል።» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ሰማሁት። ልኩን ስለማያውቀው አንዳንዱ ቃል ጭራሽ አይወጣም ነበር፤ ከአፉ ላይ ነው የለቀምኩት። «ልጁ አልሰማ ሲለኝ በደም ያወረስኩት መሰለኝ። እልኸኛ ነው የምለው... እልኸኛ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።» ከዚያ ፊቱን በቱታው እጅጌ ጠረገ። የሙቀቱ ላብ ነው አልኩ ለራሴ።

ቅዳሜ ባለቢላዋው መጣ። ግዛው በር ላይ ቆሞ «የኛ ልጅ እንጥሉ ቆንጆ ነው፣ ሂድ!» አለው፤ ያ ጩኸቱ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመን። ፊኛዋ የከፈተችው ጆሮ ሐኪሙ እንዳለው ከቀናት በኋላ ተመልሶ ተደፈነ፤ ኤፍሬም ቬንቲላተሩ ዝም ያለበት ያህል አኩርፎ ከረመ። በቀጣዩ ወር ግን ሐኪሙ ሆስፒታል ውስጥ ያን ሥጋ አወጣለት፣ ጆሮውም ተከፍቶ ቀረ። እማማ ብዙነሽ ከአፉ የደም ምራቅ ሲወጣ አይተው፣ «ይኸው! ቁረጡ ብዬ አልነበረም? ፈረንጁም ያለው እኔ ያልኩትን ነው» አሉ። እስኪሞቱ ድረስ ልጁን ያዳነው እንጥሉ መቆረጡ እንደሆነ ለሰፈሩ ሲነግሩ ኖሩ። ግዛው «አዎ እማዬ» ይላቸዋል፣ እኔም «አዎ»።

ለከርሞ ኤፍሬም ጆሮውን ሳይነካ ስሙን ከነአያቱ ተናግሮ ትምህርት ቤት ገባ። ቤታችን ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ቤት ሆነ። ግዛው ድምፁን የሚለካው በልጁ ፊት ነበር፤ ኤፍሬም ግንባሩን ኮስተር ካደረገ ይቀንሳል። ኤፍሬም ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አባቱ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያሳየ ውሎውን ይነግረዋል። ያ በዓይን መስማቱን ለአባቱ ያስተማረው እሱ ነው። እኔም ከጎን ሆኜ ተማርኩ። የግዛው ጆሮ ዓመት በመጣ ቁጥር እየራቀ ሄደ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ጭራሽ አይሰማም ነበር። ጡሩምባው ዝም ያለ ጊዜ፣ ባቡሩ የቆመ ጊዜ፣ ከተማው ሁሉ ጭር አለ ብሎ ሲያዝን እሱ «ለኔ ከቆመ ቆይቷል» ብሎ ቀለደ። ከኤፍሬም ጋር ግን ሲጫወቱ ውለው ያመሹ ነበር፣ ድምፅ ሳይኖር፣ ሳቅ ብቻ። የሐኪሙ ቤት ዛሬ የሞባይል ሱቅ ሆኗል፤ በረንዳው ላይ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ያስጮኻሉ። ሳልፍ ቬንቲላተሩ አሁንም ካለ ብዬ ቀና ብዬ አያለሁ።

እና ያን ቀን በተዝካሩ ድንኳን ውስጥ፣ ሰዉ «ጮክ በል» ሲል፣ ልጄ ጮክ አላለም። አያውቅበትም። እኔ ከኋላ ምሰሶው ሥር ነበርኩ፣ አፉን እያየሁ። አንድም ቃል አላመለጠኝም። «የጆሮ ሐኪም ቤት የወሰዱኝ ቀን» እያለ ነበር፣ «ሐኪሙ ከኋላችን ካራሜላ ሲል እኔ ዞርኩ፤ አባቴ አልዞረም። ልጅ ነበርኩ፣ ግን ገባኝ። ለአባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ጮኼ አላውቅም፤ ፊቱ ቆሜ ነው የነገርኩት።» ይህን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም። ካራሜላውን ለአባቱ ለምን እንዳካፈለው ያወቅኩት በዚያ ድንኳን ውስጥ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቼ ነው።

ተናግሮ ሲጨርስ በሰዉ አናት ላይ አሻግሮ ፈለገኝ። ሲያገኘኝ ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ «ሰማሽኝ?» አለኝ።

ሰማሁህ አልኩት፣ እኔም ድምፅ ሳላወጣ።